ውሃውን የሚጠጣውና ተራራውን የሚጠብቀው

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ አሥራ አምስተኛ ዓመቷን በቅጡ ሳትደፍን ጠፍ ልትሆን ተቃርባ ነበር። ለዚህ ያበቃት የማገዶ እጦት ነው። በእንጦጦና በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለምድጃ ተመንጥሮ ሲያልቅ የእንጨት ፍለጋው መንገድ በየዓመቱ እየረዘመ ሄደ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ወደ ምዕራብ ርቀው በአዲስ ዓለም ሌላ መናገሻ ማሠራት ጀምረው ነበር። ለቤተ መንግሥት የታሰበው የአዲስ ዓለም ሕንፃ ኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን የሆነው፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደርሶ አዲስ አበባን ባለችበት ስላጸናት ነው። ባለውለታው ዛፍም ቢሆን ዋጋውን ሳያስከፍል አልቀረም፤ ብዙ ውሃ ይመጥጣል፣ ከጥላው ሥር ሣር እንደ ልብ አይበቅልም፣ ከእንጦጦ ቁልቁል የሚታጠበውን አፈርም እንደ ቀድሞው ደን አይዝም።

ይህን የቆየ ታሪክ ማንሣት ያስፈለገው፣ ተፈጥሮን መጠበቅ ሲባል ዛሬም በብዙዎቻችን ዓይነ ሕሊና የሚመጣው መናፈሻ፣ አበባና የዱር እንስሳ ፎቶግራፍ በመሆኑ ነው። ብራዚል ቤሌም ላይ በኅዳር 2018 ዓ.ም. የተሰበሰቡት መንግሥታት የ2027ቱ (እ.ኤ.አ.) የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ማለትም ኮፕ 32፣ በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ከወሰኑ ወዲህ ደግሞ ስለ አረንጓዴነት የሚነገረው በዝቷል። ተፈጥሮን መጠበቅ ለሰው ኑሮ፣ ለአየር ንብረትና ለኢኮኖሚ ይጠቅማል ወይ የሚለው ጥያቄ ከሞላ ጎደል መልስ አግኝቷል ብዬ አምናለሁ። መልስ ያላገኘው፣ ትርፉን የሚያፍሰው ሰውና ወጪውን የሚሸከመው ሰው አንድ አለመሆናቸው ነው። ዓለም አቀፉም ሆነ የእኛ ከተማ ችግር ሲገለጥ ሲገለጥ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን ከመሐል ከተማ ሳይወጡ ማየት ይቻላል። በነሐሴ ወር፣ ዶፍ ዝናብ ካባራ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ቀበና ድልድይ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ወንዙ ጉሽ ጠላ መስሎ ይታየዋል። ባዶ ሃይላንድ፣ የተቀዳደደ ፌስታል፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ እየተገፋፉ ያልፋሉ፤ አላፊ አግዳሚው ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጸውም ይህንኑ ቆሻሻ ነው። ለኢኮኖሚው ከፌስታሉ የሚከፋው ግን ማንም የማይቀርጸው የውሃው ቀለም ነው፤ ያ ቀለም አፈር ነው። ከእንጦጦ ግርጌና ከየግንባታው ቦታ የታጠበው አፈር ከግንፍሌው፣ ከቀጨኔውና ከባንቲይቀጡ ጋር ወርዶ በአቃቂ ወንዞች በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። አባ ሳሙኤል የሀገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነበር፤ ለአሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ከርሞ የታደሰው በቅርቡ ነው፤ ዛሬም ደለሉ፣ የከተማው ፍሳሽና እምቦጩ አልተለየውም። ከአባ ሳሙኤል በታች ውሃው ወደ አዋሽ ይቀላቀላል። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ የሚቀር ወንዝ በመሆኑ፣ የተሸከመውን ሁሉ ሀገር ውስጥ ነው የሚያራግፈው። የቆቃ ግድብ በአፈር ይሞላል፤ አዳማ የምትጠጣው ከዚሁ ወንዝ ነው፤ ወንጂና መተሐራ አገዳ የሚያጠጡትም በዚሁ ነው። በአቃቂ ዳርቻ በወንዙ ውሃ የሚለማው ሰላጣና ቆስጣ ደግሞ በየማለዳው በጭነት መኪና ተመልሶ ወደ እኛው ገበያ ይገባል፤ በቅጠሎቹ ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ከባድ ብረታ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል።

አዲስ አበባ ለአዋሽ ሰዎች የላይ ጎረቤት ናት። ለለገዳዲ፣ ለድሬና ለገፈርሳ ገበሬዎች ደግሞ የታች ጎረቤት ናት። ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው የከተማችን ነዋሪ በርሜሉንና ጀሪካኑን ደርድሮ ሌሊት የሚነቃለት ውሃ ከከርሰ ምድሩ በተጨማሪ የሚመጣው ከነዚህ ግድቦች ነው። ግድቦቹ ያሉት ከከተማዋ ውጪ ነው፤ ከበላያቸው ያለው ተዳፋት ጤፍና ስንዴ የሚታረስበት የገበሬ ማሳ ነው። ገበሬው እርከን ሠርቶ፣ የወንዙን ዳርቻ ሳያርስ ቢተው ወደ ግድቡ የሚገባው ደለል ይቀንሳል፤ ግድቡ የሚይዘው ውሃ ይበዛል፣ ለማጣሪያ የሚገባው ኬሚካልም ያንሳል። ይሁን እንጂ እርከን መሬት ይበላል፤ ያልታረሰ ዳርቻም ያልታፈሰ እህል ነው። ያ የቀረ ኩንታል በገበሬው ጎተራ ጎደሎ ሆኖ ሲታይ፣ ያ የቀረ ደለል ደግሞ በእኛ ቧንቧ ትርፍ ሆኖ ይመጣል። በሁለቱ መካከል ሒሳብ የሚያወራርድ የለም።

ሒሳቡ ሳይወራረድ ሲቀር ምን እንደሚከተል ሐረር በሚገባ ታውቀዋለች። የሐረማያ ሐይቅ ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ሆኖ ለዓመታት ከቆየ በኋላ፣ በዙሪያው ጫትና አትክልት ለማጠጣት በተተከሉት የውሃ መሳቢያዎችና ከተራቆተው ኮረብታ በሚወርደው ደለል የተነሣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ። በሐይቁ ወለል ላይ ከብት ተሰማራበት። ለሐረር ውሃ ከድሬዳዋ አቅራቢያ 75 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ፣ ያውም ሽቅብ እየተገፋ፣ እንዲመጣ መደረጉ ግድ ሆነ። በቅርብ ዓመታት የተፋሰሱ ሥራ ተጠናክሮ ውሃው ወደ ሐይቁ መመለሱ ደስ ያሰኛል፤ ግን የሐይቁን ዋጋ በብር ለማወቅ የፈለገ ሰው የዚያን ቧንቧና የዚያን የኤሌክትሪክ ፓምፕ ወጪ መደመር ይበቃዋል።

ይህን ስሌት ሐይቁ ሳይደርቅ አስቀድማ የሠራች ከተማ ኒው ዮርክ ናት። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ሕግ የገጸ ምድር ውሃ የሚጠቀሙ ከተሞች እንዲያጣሩ ሲያስገድድ፣ ለኒው ዮርክ የማጣሪያ ጣቢያ ግንባታ የተገመተው ወጪ ከ6 እስከ 8 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1997 የውሃዋ መነሻ በሆኑት በካትስኪል ተራሮች ካሉ ማኅበረሰቦች ጋር ተስማምታ፣ ከዚያ እጅግ ባነሰ ገንዘብ ለገበሬዎች የከብት አጥር፣ የፍግ ማከማቻና የወንዝ ዳር ተክል ወጪ መሸፈን፣ ፈቃደኛ ከሆኑት ላይም መሬት መግዛት ጀመረች። ይህ ምሳሌ በተፈጥሮ ጥበቃ ጽሑፎች ሁሉ ስለሚደጋገም ሊሰለች ይችላል። የሚደጋገመው ግን የተረፈው ገንዘብ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ከተማዋና ገበሬዎቹ ከዓመታት ንትርክ በኋላ በአንድ ወረቀት ላይ መፈረማቸው ነው። የከተማ ሰው ለገጠሩ ሰው «ተራራህን ጠብቅልኝ» ሲል በነጻ እንዳልሆነ ያመነበት ውል ነው።

ወደ አየር ንብረቱ ስንሻገር መጠኑ ይገዝፋል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። የሰው ልጅ በየዓመቱ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ግማሽ ያህሉን መልሰው የሚመጥጡት ደን፣ አፈርና ውቅያኖስ ናቸው፤ ክፍያ አይጠይቁም፣ የሥራ ማቆም አድማም አይመቱም፣ እኛ እያቃጠልን ካላዳከምናቸው በስተቀር። ተመራማሪዎች እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ሊቀነስ ከሚገባው ልቀት ውስጥ ሢሶ ያህሉ ደንን ከመመንጠር በማዳን፣ የተራቆተውን መልሶ በማልበስና የእርሻ አፈርን በመንከባከብ ሊገኝ እንደሚችል አስልተዋል። ሢሶ ትልቅ ነው፤ ግን ሢሶ ነው። ቀሪውን የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ቃጠሎን ካልቀነሱ በቀር በችግኝ ማካካስ አይቻልም፤ ይህን የሚዘነጋ ዘመቻ ለበካዮች መደበቂያ ይሆናል።

በዚህ ረገድ ከሀገራችን የሚጠቀሰው በወላይታ ሁምቦ የተሠራው ነው። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከሰውና ከከብት ንክኪ ነጻ ተደርጎ፣ በአፈር ውስጥ ሕይወቱ ያላለፈ የድሮ ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ ተረዳ፤ ችግኝ የተተከለው ጉቶ በሌለበት ብቻ ነው። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት የመሬቱን የመጠቀሚያ መብት በስማቸው አገኙ፤ ፕሮጀክቱም በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርበን ገበያ ሥርዓት ተመዘገበ፤ ማኅበራቱም የካርበን ሽያጭ ገቢ አገኙ። ካርበኑ የሚመዘነው ለዓለም ነው። ሁምቦዎች ግን ከካርበን በፊት ያዩት፣ ጎርፍ ማሳቸውን መተዉንና ሣር አጭደው ለከብቶቻቸው መስጠት መቻላቸውን ነው። ደኑን ያቆመው መብት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የራሱ ያልሆነውን ዛፍ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው አይገኝም።

ኢኮኖሚውን በተመለከተ የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው አኃዝ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ከዓለም ጥቅል ምርት ከግማሽ በላይ የሆነው፣ ማለትም 44 ትሪሊዮን ዶላር፣ በመካከለኛ ወይም በከፍተኛ ደረጃ በተፈጥሮ ላይ የተመሠረተ ነው ይላል። ያስደነግጣል፤ ግን የማንንም ኪስ አይነካም። ከዚያ የሚሻለው በአራት ኪሎ ዙሪያ በየጥጉ ረከቦቷን ዘርግታ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት እጅ ላይ ያለው ነው። ሲኒው ውስጥ ያለው አረቢካ የተገኘው ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ነው፤ በካፋ፣ በያዩና በሸካ ዛሬም ሳይተከል በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። ሀገሪቱ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ወጪ ንግድ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። የሙቀት መጨመርንና በሽታን የሚቋቋም ዝርያ የሚፈለገው በነዚሁ የጫካ ቡናዎች ውስጥ ነው፤ በዓለም ካሉት 124 የቡና ዝርያዎች 60 በመቶው ለመጥፋት የተጋለጡ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አሳይቷል። የያዩ ደን ቢመነጠር የሚጠፋው ዛፍ ብቻ ሳይሆን፣ የነገው የቡና ተክል መድኃኒትም ነው።

ገበያውም ቢሆን ይህን ከልብ ይሁን ከንግድ መቁጠር ጀምሯል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ሕግ፣ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 ወዲህ በተመነጠረ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ተግባራዊነቱ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ እስኪጀመር ግን እያንዳንዱ ማሳ የት እንዳለ በሳተላይት መገኛ ነጥብ መመዝገብ አለበት። ዓላማውን መቃወም አይቻልም። ሆኖም ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ማሳ ያለውና አያቶቹ ከደኑ ጋር ተስማምተው የኖሩ የካፋ ገበሬ ደን አለመቁረጡን እንዲያረጋግጥ ሲጠየቅ፣ የማረጋገጫው ወጪ ሲኒውን በብራሰልስ በሚጠጣው ሰው ላይ እንዲወድቅ የሚያደርግ አንቀጽ አላየሁበትም። እዚህም ጠባቂውና ተጠቃሚው ተለያይተዋል።

የዘር ሀብቱም ታሪክ ከዚህ አይለይም። በካሊፎርኒያ የገብስ ማሳዎችን ያጠቃ የነበረውን አቀጭጭ ቫይረስ የሚቋቋመው ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው፤ ያንን ገብስ በትውልድ ቅብብል መርጦ ያቆየው ገበሬ የደረሰው ነገር የለም። ጤፍም ቢሆን በአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ስም የፈጠራ መብት ወጥቶበት ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት መብቱን ዋጋ ቢስ ያደረገው ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ሮም ላይ ሥራ የጀመረው የካሊ ፈንድ፣ በዲጂታል የተመዘገበ የዘረመል መረጃ ተጠቅመው የሚያተርፉ ትልልቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ እንዲያዋጡ፣ ከሚሰበሰበውም ቢያንስ ግማሹ ለነባርና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች እንዲደርስ ይጠይቃል። መዋጮው በፈቃደኝነት ነው፤ «በፈቃደኝነት» የምትለዋን ቃል የእድር ዳኛ ሆኖ ያገለገለ ሰው ያውቃታል።

ዓለም አቀፉ የብዝኃ ሕይወት ማዕቀፍ ራሱ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ የጸደቀው ነው። ከ23ቱ ግቦቹ ዝናን ያገኘው እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ከምድርና ከባሕር 30 በመቶውን መጠበቅ የሚለው ነው፤ ሌሎቹ ደግሞ ከሁሉም ምንጭ በዓመት 200 ቢሊዮን ዶላር ለጥበቃ እንዲሰበሰብና፣ ተፈጥሮን የሚጎዱ ድጎማዎች በዓመት ቢያንስ በ500 ቢሊዮን ዶላር እንዲቀነሱ ያዝዛሉ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት ብዙ ይናገራል፤ ዓለም ለመጠገን ሊያወጣ ካሰበው ይልቅ ለማፍረስ የሚያወጣው ይበልጣል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ሒሳቡ የተሠራበት መንገድ ጠማማ ስለሆነ ነው። ዛፍ ሲቆረጥ በጥቅል ምርት ላይ ይደመራል፤ ቆሞ ውሃ ሲያጠራ ግን የትም አይጻፍም። የካምብሪጁ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ፓርታ ዳስጉፕታ እ.ኤ.አ. በ2021 ለእንግሊዝ መንግሥት ባቀረቡት ሰፊ ሪፖርት ተፈጥሮ እንደ መንገድና እንደ ፋብሪካ በንብረትነት ይመዝገብ ያሉት ለዚህ ነው።

ለ30 በመቶው ግብ ሲሮጥ ደግሞ መሬቱ ላይ ሰው እንዳለ መርሳት ቀላል ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1989 ዓ.ም. በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ከገባ በኋላ፣ ከመዝገቡ እንዲወጣ ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ የግጭ መንደር ነዋሪዎችን፣ ከ400 በላይ አባወራዎችን፣ ወደ ደባርቅ ማንሣት ነበር። ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከመዝገቡ ወጣ፤ ሣሩም አገገመ። ገብስ ያመርቱ የነበሩት የግጭ ሰዎች ግን በከተማ ኑሮ ተቸግረዋል፤ ከዚያ በኋላ በመጣው ጦርነትና ግጭት ደግሞ የዋልያው ቁጥር በእጅጉ ወርዷል። ሰላም በሌለበትና ነዋሪው ባኮረፈበት ቦታ የፓርክ ድንበር በካርታ ላይ ያለ መስመር ብቻ ነው። በአንጻሩ በደቡብ ጎንደር ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑት የቤተ ክርስቲያን ደኖች በተራቆተ የእርሻ ምድር መካከል ለዘመናት የቆሙት ያለ ዘበኛ ደመወዝ ነው። ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምእመኑ ጋር ተነጋግረው ከብት እንዳይገባ በድንጋይ ካብ ማሳጠር ሲጀምሩ፣ ድንጋዩ የተሰበሰበው ከገበሬው ማሳ ላይ ነበር፤ ማሳውም ጸዳ፣ ደኑም ታጠረ።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በዚህ ሚዛን መታየት ይኖርበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል፤ ትልቅ ንቅናቄ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ተከላ የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን ጽድቀት የአምስት ዓመት ሥራ ነው፤ አምስቱን ዓመት የሚጠብቀው ደግሞ ቲሸርት ለብሶ የመጣው የከተማ ሰው ሳይሆን እዚያው የሚኖረው ገበሬ ነው። በባሌ ቆሞ ያለ የሐረና ደን ሳይቆረጥ እንዲቆይ ማድረግ አዲስ ከመትከል ይረክሳል፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ የሆኑት የባሌ ተራሮች በቆላው ኢትዮጵያና በሶማሊያ ለሚኖሩ 12 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የውሃ ማማ ናቸው። በመሐል አዲስ አበባ የወንዝ ዳርቻዎች እየተነጠፈ ያለው ሣርና የእግር መንገድም ዓይን ያሳርፋል፤ እኔም ማምሻዬን እሄድበታለሁ። የቀበናን ቀለም የሚለውጠው ግን ዳርቻው ሳይሆን ከላይ ያለው ተዳፋትና ከየቤቱ የሚለቀቀው ፍሳሽ ነው።

ኮስታ ሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው የደን ሕግ በነዳጅ ላይ ከምትጥለው ግብር እየቀነሰች ደን ለሚጠብቁ ባለመሬቶች በሄክታር ትከፍላለች፤ ከዚያ ቀደም በነበሩት አሥርት ዓመታት ከግዛቷ ሩብ ወደሚሆን ያሽቆለቆለው ደኗ ዛሬ ከግማሽ በላይ ይሸፍናል። ክፍያው ብቻውን ይህን አደረገ ማለት ያስቸግራል፤ የከብት ሥጋ ዋጋ መውረዱና የምንጣሮ ክልከላውም ድርሻ አላቸው። ቢሆንም ገንዘቡ ከየት መጥቶ ለማን እንደሚሄድ በሕግ የተጻፈበት ሀገር ነው። በየወሩ የምከፍለውን የውሃ ሒሳብ አገላብጬ አይቻለሁ፤ የፍጆታው መጠንና የአገልግሎቱ ክፍያ ተዘርዝሯል፤ ከለገዳዲ በላይ እርከን ለሚሠራው ገበሬ የሚሄድ ተብሎ የተጻፈ መስመር ግን አላገኘሁም። በሜትር ኩብ ጥቂት ሳንቲም ቢጨመር ለደሳሳ ጎጆው ሰው ሳይሆን ለሆቴሉና ለመኪና አጣቢው እንዲከብድ አድርጎ መደልደል ይቻላል፤ የሚሰበስብ አካል አለ፣ ቆጣሪው አለ፣ ከላይ ያሉት ቀበሌዎችም ይታወቃሉ። የጉባኤው እንግዶች በ2020 ዓ.ም. ኅዳር ሲመጡ ክረምቱ አልፎ ወንዙ ስለሚቀጥን ከቀበና ድልድይ ቁልቁል ቢያዩ ያን አፈር አያዩትም፤ በሆቴላቸው የሚከፈተው ቧንቧ ግን ያንኑ የለገዳዲን ውሃ ይቀዳል።